ጥቁር ጉድጓድና ተቀናቃኙ

በ2020 ዓ.ም. (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ለሦስት ሊቃውንት ሲሰጥ፣ የሽልማቱ ቃል ለሮጀር ፔንሮዝ ጥቁር ጉድጓድን በስሙ ጠራ። ለራይንሃርት ጌንዘልና ለአንድሪያ ጌዝ ግን በጋላክሲያችን እምብርት እጅግ ግዙፍና እምቅ አካል ማግኘታቸውን ብቻ ገለጸ። ይህ የብዕር ግድፈት አይመስለንም። አራት ሚሊዮን ፀሐዮችን የሚያህል መጠነ ቁስ በጠባብ ሥፍራ መታጨቁ ተረጋግጧል፤ ስለ ምንነቱ ግን ተቀናቃኝ ሐሳብ ነበር።

ተቀናቃኙ የቦዞን ኮከብ ይባላል። ዴቪድ ካውፕ በ1968፣ ሩፊኒና ቦናዞላ በ1969 የአንስታይንን የስበት ንድፈ ሐሳብ ከስኬላር መስክ ጋር አጣምረው አሰሉት። ስኬላር መስክ በየነጥቡ መጠን እንጂ አቅጣጫ የለውም፤ በዚህም ከነፋስ ይልቅ የክፍልን ሙቀት ይመስላል። ከእርሱ የሚሠራው ኮከብ ጠጣር ገጽ የለውም፤ ብርሃን ገብቶ የሚቀርበት ድንበርም የለውም። በራሱ ስበት ከመውደቅ የሚያድነው የኳንተም ባሕርይ ነው፤ መስኩ በጠባብ ቦታ በታፈነ ቁጥር እንቅስቃሴው ይበረታልና። የመስኩ ቅንጣት በቀለለ መጠን ኮከቡ ሊገዝፍ ስለሚችል፣ በ2000 ቶሬስ፣ ካፖዚየሎና ላምቢያሴ በጋላክሲያችን እምብርት ያለው ይኸው ሊሆን ይችላል ሲሉ ጻፉ።

ፖለቲካ አጥኚዎች የሆንነውን እኛን ወደዚህ ታሪክ የሳበን ግን ሌላ ነገር ነው። ጥቁር ጉድጓድ ራሱ በአንድ ወቅት የአናሳዎች ሐሳብ ነበር። በጥር 1935 በለንደን የሥነ ፈለክ ማኅበር ስብሰባ ላይ፣ በእንግሊዝ ቅኝ ከነበረችው ሕንድ የመጣው የ24 ዓመቱ ቻንድራሴካር አንድ ነጭ ድንክ ኮከብ ሊሸከመው የሚችለው መጠነ ቁስ ወሰን እንዳለው አስረዳ። ታላቁ ኤዲንግተን ከእርሱ ቀጥሎ ተነሥቶ፣ ተፈጥሮ ኮከብን ከእንዲህ ያለ ውርደት የሚጠብቅ ሕግ ሊኖራት ይገባል ብሎ ተሳለቀበት፤ አዳራሹም ሳቀ። ስሌቱ ትክክል መሆኑን በግል ያረጋገጡለት ሊቃውንት አደባባይ አልወጡም። እንዲህ ያለውን ስብሰባ የማያውቅ ከመካከላችን ማን አለ? ቻንድራሴካር ኖቤል የተሸለመው በ1983 ነው።

ዛሬ ቦታው ተለዋውጧል፤ ትናንት የተሳቀበት ሐሳብ ብዙኃኑን ይዟል። ልዩነቱ ግን አንድ ነው፤ ኤዲንግተን በምኞት ሲከራከር፣ የቦዞን ኮከብ ደጋፊዎች በምን ማስረጃ ሊረቱ እንደሚችሉ ራሳቸው አስልተው ያቀርባሉ። ማስረጃውም አላደላላቸውም። በ2012 በሰርን የተገኘው ሂግስ ስኬላር ቅንጣት ቢሆንም ወዲያው ይፈርሳልና ኮከብ አይሠራም። በ2015 የተሰማው የስበት ሞገድ ከሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ውሕደት ጋር ተስማማ። በ2022 የጋላክሲያችን እምብርት ምስል ይፋ ሲሆን ጥላ ታየበት። የተመረመሩ አንዳንድ የቦዞን ኮከቦች የሚያሳዩት ጥላ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ሌሎቹን ግን ምስሉ ገና አላሰናበታቸውም።