ቤተ ሰብን ይዞ ማደር

ቀድሞ በአገራችን ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ ጎዳና የሚሄድ ሰው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከአንዱ ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ባለ ጊዜ፣ ባለቤቱ የአብርሃምን እንግዳ ተቀባይነት አስቦ፣ ብዛታቸውን ሳይቆጥር፣ እግራቸውን አጥቦ ከመደቡ ላይ ያሳርፋቸው ነበርና፣ ለማደሪያ ዋጋ መክፈል ያልተለመደ ነገር ነበረ። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ባቆሙ ጊዜም፣ ሰው ለእህል መክፈልን ነውር ስለ ቆጠረው፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው በልተው፣ ከፍለው አስለመዱት ይባላል።

ከተማዪቱ ስትሰፋ ግን ባለ ብዙ ልጅ ድኃ ኪራይ ወደሚረክስበት ተገፋ። በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የከተማው ጥራጊ በሚከመርበት በቆሼ ግርጌ፣ በላስቲክና በጭቃ ቤት ተጠግተው ይኖሩ ከነበሩት መካከል፣ ክምሩ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት በተናደ ጊዜ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የሚበዙትም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።