ከእንዝርት እስከ ኪሮሽ፤ የከሚሴ ፈትል

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚያቀና መንገደኛ፣ አጣዬን አልፎ ቦርከና ወደሚያጠጣው ወደ ጨፋ ሜዳ ሲወርድ፣ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በከብቱና በግጦሹ ላይ በመሆኑ፣ በከሚሴና ዛሬ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በሚባለው አገር ለብዙ ዘመን የሰውን ዕርቃን ሲሸፍን የኖረውን የፈትል ጥበብ ሳያስተውለው ያልፋል።

አማራው ጥጥ፣ ኦሮሞው ጅርቢ የሚለው ይህ የቆላ በረከት፣ ዘሩ በመዳመጫ ከወጣለት፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ከሆነ በኋላ፣ በሴቲቱ እጅ በእንዝርት ይፈተላል። ፈትል የራሱ የሆነ ሰዓት ኖሮት አያውቅም፤ ወጡ እስኪበስል፣ ቡናው እስኪፈላ፣ የጎረቤት ወግ እስኪያልቅ ባለው ትርፍ ጊዜ ሁሉ ይሠራል። «ቀጭን ፈታይ» መባል የሙያ ብቻ ሳይሆን የክብርም ስም ነበር፤ ሠዓሊዎቻችንም ብሥራተ ገብርኤልን ሲሥሉ እመቤታችንን ፈትል በእጇ ይዛ ማሳየታቸው ይህንኑ ክብር ይመሰክራል። እስላሟም ክርስቲያኗም ያሾሩት ያንኑ እንዝርት ነው።

የፈተለችው ግን ልብሱን ራሷ አትፈጽመውም ነበር። ድሩና ማጉ ወደ ሸማኔው ይሄዳል፤ በዚህ አገር ደግሞ በሽመና ስማቸው የታወቀው፣ ከከሚሴ ብዙም በማይርቀው በሾንቄ ተራራ ላይ በድንጋይ ቤቶቻቸው የሚኖሩትን የመሰሉ አርጎቦች ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሙያው እንዳይሰደብ በዐዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ፣ ሸማውን የለበሰው ሰው ሸማኔውን ሲያዋርድ መኖሩ እስከ ዛሬ የሚያሳዝን ነገር ነው።

ይህን የሴትና የወንድ የሥራ ክፍፍል የለወጡት የሹራብ መርፌና ኪሮሽ ናቸው። ከየት እንደ መጡልን ስማቸው ይናገራል። ሹራብ ከዐረብኛ የተገኘ ቃል ሲሆን፣ በምንጩ የእግር ልብስ ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ወደ ደረት ቢወጣም፣ ጥንታዊ ፍቺው «የእግር ሹራብ» በምንለው አነጋገር ተጠብቆ ቀርቷል። በኪሮሽ የሚሠራው ዳንቴል በፈረንሳይኛ «ትንሽ ጥርስ»፣ ኪሮሽ ራሱም «ትንሽ ቆልማማ» ማለት ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት ኮምቦልቻ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲቆም፣ የእጅ ፈትል አስፈላጊነት ይበልጥ ቢቀንስም፣ በትርፍ ሰዓት ክር ይዞ የመቀመጥ ልማድ ግን ከእንዝርት ወደ ኪሮሽ ተሻገረ።

የከሚሴ ሙቀት የሱፍ ሹራብን እምብዛም ስለማይሻ፣ ለዚህ አየር የሚስማማው በጥጥ ክር የሚሠራው ዳንቴል ነው። የሆነ ሆኖ ሠሪዋ ድርና ማግ፣ የሸማኔ ጉድጓድና መወርወሪያ ሳያስፈልጋት፣ አንዱን ቀለበት በሌላው ውስጥ እያሳለፈች፣ የጀመረችውን በራሷ እጅ ትፈጽማለች፤ ብትሳሳትም ክሩን ስባ እስከ ስሕተቱ ድረስ ትተረትረዋለች። ለታላቁ ልጅ ያጠረውም ሹራብ ተተርትሮ፣ ክሩ እንደ ገና ይጠነጠንና ለታናሹ ሌላ ይጀመርለታል።