ወዶ የተወሰደ ስም፣ ተለጥፎ የቀረ ስም

ቲክቶክ ላይ ሻማ እያበሩ «ጠንቋይ ነኝ» የሚሉ የምዕራብ ወጣቶች ሞልተዋል። ብዙዎቹ የሚጠቅሱት ዊካ የሚባለውን ሃይማኖት ነው። ጥንታዊ ይምሰል እንጂ ወደ አደባባይ ያወጣው ጄራልድ ጋርድነር የተባለ ጡረተኛ የእንግሊዝ ጉምሩክ ሠራተኛ ሲሆን፣ ታዋቂ መጽሐፉም የታተመው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። እንግሊዝ የ1735ቱን የጥንቆላ ሕግ የሻረችው ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብላ ነበር። ዊካኖች ድሮ ሰው ይገደልበት የነበረውን ስም ወደውና ኮርተውበት ወሰዱት።

ከአንበሳሜ እስከ ወረታ «ቡዳ ነኝ» ብሎ የሚኮራ ሰው ግን አይገኝም። ስሙ የሚመጣው ከሌላ ሰው አፍ ነው፤ ያረፈውም በብረት ቀጥቃጩና በሸክላ ሠሪዋ ላይ ነው። ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተባለ።

ይህ ወሬ ብቻ አልነበረም፣ ተጽፏል። ደብተራው በብራና የሚጽፈው ክታብ ዛሬ በአውሮፓ ሙዚየሞች እንደ ሥነ ጥበብ ይታያል፤ ዓይኑ የሚያፈጥ ጠልሰምም ያምራል። ነገር ግን ክታብ የአንድ ሰው መድኃኒት ነበር፤ የባለቤቱ ክርስትና ስም ይገባበታል፣ ክታቡ ሲተላለፍ የድሮው ስም ተፍቆ አዲሱ ይጻፋል። ብዙ ጊዜ ባለቤቷ ልጅ የሞተባት እናት ናት፤ ሕፃናትን ትገድላለች በምትባለው ወርዝልያ ላይ የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት ይጻፍላታል። ሐዘኗ እውነተኛ ነው። ችግሩ ከአጋንንቱ ስም ጎን «ነሃቢ» የሚል መገኘቱ ነው። ነሃቢ ማለት ብረት ቀጥቃጭ ነው። የአንዷ መከላከያ የሌላው ክስ ሆነ።

በጎንደር ዙሪያ ከተከሰሱት ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት አይውረስ ማለቱ ይነገራል። መሬት ያጣ ሰው ወደ እሳቱና ወደ ጭቃው ሄደ፤ ሙያው ደግሞ ስሙን አመጣበት። መጀመሪያ ርስቱን ነጥቆ፣ ቀጥሎ በእጁ ሥራ መክሰስ!

አብዛኞቹ በ1984 እና በ1985 እ.ኤ.አ.፣ በኋላም በ1991 በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሆነው ወደ እስራኤል ሄዱ። «ቡዳ» የሚለው ቃል ግን አብሯቸው አልሄደም፤ ዛሬም የሚለጠፍበት ሰው አያጣም። ገበሬው ቀጥቃጩን ከማዕዱ እያራቀ ማረሻውን የሚያሾለው እሱው ዘንድ ነበር።