ቤንዚንና ወንድማማችነት
በሐምሌ 1927 ዓ.ም. በኒውዮርክ ሃርለም ስለ ኢትዮጵያ በተደረገው ሰልፍ፣ የማርከስ ጋርቬይ ተከታዮችና ኮሚኒስቶች የቆየ ክርክራቸውን ትተው ጎን ለጎን ተራመዱ። ይህን ኅብረት ያናጋው ከሐሳብ ይልቅ ነዳጅ ነው ብል መሐንዲስነቴ አድልቶብኝ ይሆናል። የመንግሥታት ማኅበር በ1928 ዓ.ም. በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን ከዝርዝሩ አስቀረ፤ ሶቪየት ኅብረትም ወረራውን እያወገዘች ለወራሪው መሸጧን ቀጠለች። ያለ ቤንዚን ስንት ነገር እንደሚቆም በሲኤምሲ ማደያ የተሰለፈ ባልደረባ ሁሉ ያውቀዋል። ትሪኒዳዳዊው ጆርጅ ፓድሞር ቀደም ብሎ፣ ሞስኮ ለቅኝ ገዢዎች መለሳለሷን ተቃውሞ በ1926 ዓ.ም. ከኮሚንተርን ተባርሮ ነበር። የአገሩ ልጅ ሲ.ኤል.አር. ጀምስ ግን ማርክሲስትነቱን ሳይተው በለንደን የኢትዮጵያን ወዳጆች ማኅበር መራ። ዶክተር መላኩ በያን በ1929 ዓ.ም. በኒውዮርክ ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን ደግሞ ከሞስኮም ከጄኔቫም ሳይጠብቅ፣ የራሱን ጋዜጣ እያሳተመ ከጥቁር ሕዝብ መዋጮ ይሰበስብ ነበር።