ገና መሆኑን ያውቁ ነበር

ድሮ የአገር ገዢ ሕዝቡ ምን እንደሚያስብ ማወቅ ሲፈልግ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ ያስጠይቅ ነበር ይባላል። እረኛ ከብቱን አሰማርቶ የሚያንጎራጉረው ነገር በቤት ውስጥ የሚንሾካሾከውን ይዞ ይወጣል። ልጅ ስለሆነ አይፈራም፤ የሰማውን ይለዋል። አዝማሪውም በጠጅ ቤት እንዲሁ ነበር። አንድ ግጥም ከሰቆጣ ተነሥቶ ላሊበላ ሲደርስ የገጣሚው ስም ይጠፋል፤ ነገሩ ግን ይቀራል። ይኼ የዛሬው ኮሜንትና ሼር የዱሮ ቅድመ አያት ነው ብትሉ እኔ አልቃወማችሁም።

አንድ ልዩነት ግን አለ። እረኛው የሚዘፍነው ስለሚያውቀው ነገር ነበር። ስለ ጭቃ ሹሙ፣ ስለ ግብሩ፣ ስለ ዘገየው ዝናብ። ያላየውን አገር አይሳደብም፣ ስሙን ያልሰማውን ሰው አያዝንለትም። እኛ ዛሬ በአንድ ምሽት ስለ ምርጫ፣ ስለ አንድ ዘፋኝ ፍቺ፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ አንድ ወረዳ ጦርነት አስተያየት ሰጥተን እንተኛለን። ከአራቱ አንዱን እንኳ በቅርብ አናውቀውም።

ይህን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ ግን ስልካችሁን ለመንቀፍ አይደለም። ዓለም በሙሉ ስለ አንድ አካባቢ በአንድ ጊዜ አስተያየት የያዘበትን ዓመት ላስታውሳችሁ ነው። አካባቢው ዋግና ዙሪያው ነው። ዓመቱ 1977።

የአበርገሌን አገር የማታውቁ ካላችሁ፣ ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ሲወረድ ያለው ቆላ ነው። ፍየሉ በስሙ ይታወቃል፤ የእንስሳት ባለሙያዎች «የአበርገሌ ፍየል» ብለው ለብቻው ይመዘግቡታል። ሰዉ አማርኛና ኽምጣኛ ይናገራል። በሰቆጣ አጠገብ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የሚባል ከአለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። የዋግ ሹሞች የዘር ሐረጋቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት ይቆጥሩ ነበር፤ ከእነርሱ አንዱ ዋግ ሹም ጎበዜ ከአፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዳግማዊ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነግሧል። ታሪክ የሌለው ጠረፍ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው ይህን ሁሉ የምለው።

በ1976 ዝናቡ ቀረ። ዝናብ ግን ለብቻው እንዲህ አይገድልም። በትግራይና በሰሜን ወሎ ጦርነት ነበር፤ የጦር ዘመቻው ገበያውንና መንገዱን ዘግቶታል። ገበሬው እህሉን በመንግሥት በተቆረጠ ዋጋ እንዲሸጥ ይገደድ ነበር፤ መዋጮውም በላይ በላዩ ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ለለጋሽ አገሮች የድረሱልን ጥሪ አቅርቧል፤ የተሰጠው መልስ ቀዝቃዛ ነበር። ደርግ ደግሞ በዚያው ወቅት የአብዮቱን 10ኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ ለማክበር አዲስ አበባን ቀለም እየቀባ ነበር። በመስከረም 1977 ሰልፉና ርችቱ ሲደምቅ፣ ከዋግ፣ ከላስታና ከትግራይ የተነሣ ሰው በእግሩ ወደ ኮረም እየጎረፈ ነበር።

ይህን የሚናገር የአገር ውስጥ ድምፅ ማን ነበር? ማንም። እዚህ ላይ ለእኛ ቤት የሚቀርብ ታሪክ አለ። ከየካቲት 1955 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ይሰማ ነበር። ስብከትና መዝሙር ብቻ አልነበረም፤ ዜናም፣ የጤናና የግብርና ትምህርትም ያሰማ ነበር። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» አለው። ያው ሕንፃ፣ ያው ማሠራጫ፣ ሌላ አፍ። ራዲዮው ባይወረስ ኖሮ ረሀቡ ይቀር ነበር አልልም። ግን በ1977 ዋዜማ አዲስ አበባ ላይ ከመንግሥት ሌላ የሚናገር ማይክሮፎን አልነበረም፤ እረኛውም ቢያንጎራጉር የሚያስጠይቅ ገዢ አልነበረም።

ስለዚህ ወሬው በውጭ ዞሮ መጣ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም የተቀረጸ ዘገባ አሳየ። ጋዜጠኛው ማይክል ቡርክ፣ ካሜራ የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበሩ። ጎሕ ሲቀድ፣ በብርዱ ላይ ጭስና ጉም ተቀላቅሎ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሜዳ ላይ በነጠላ ተጠቅልለው ይታያሉ። ቡርክ ነገሩን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ረሀብ ጋር አመሳሰለው። ያችን ዘገባ ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በዓለም ዙሪያ ደጋግመው አሳዩአት። (መሐመድ አሚን ከዓመታት በኋላ፣ በኅዳር 1989፣ የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ሞተ። ስሙን የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ወጣት ማግኘት ይከብዳል፤ የዘፋኞቹን ስም ግን ሁሉም ያውቃል።)

ስለ መጽሐፍ ቅዱሱ ንጽጽር አንድ ነገር ልበል። ዘፍጥረትን ያነበባችሁ ታውቃላችሁ፤ በዮሴፍ ዘመን ረሀቡ የመጣው ጎተራው ከሞላ በኋላ ነው። የሚያስብ ሹም ነበረ። ኮረም ላይ የጎደለው ይኼ ነበር፤ ንጽጽሩ ግን ሰማዩን ብቻ ነው ያሳየው። ተመልካቹ ያየው ከጥንት ዘመን የመጣ የሚመስል፣ ምክንያት የሌለው መከራ ነበር። ጦርነቱም፣ የእህል ዋጋው ተመንም፣ የበዓሉ ርችትም በካሜራው ውስጥ አልገቡም።

ከተመልካቾቹ አንዱ ቦብ ጌልዶፍ የተባለ የአየርላንድ ዘፋኝ ነበር። ከሚጅ ዩር ጋር ሆኖ አንድ ዘፈን ጻፈ፤ ኅዳር 16 ቀን 1977 ዓ.ም. የብሪታንያና የአየርላንድ ታዋቂ ዘፋኞች ለንደን ተሰብስበው በአንድ ቀን ቀረጹት። ቡድኑ ባንድ ኤይድ ተባለ። የዘፈኑ ርእስ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» የሚል ጥያቄ ነው። በብሪታንያ እስከ 1989 ዓ.ም. ድረስ በሽያጭ የሚበልጠው ነጠላ ዘፈን አልተገኘም። ቀጥሎ አሜሪካኖቹ እነ ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺ የራሳቸውን አወጡ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት ከለንደን ዌምብሌይና ከፊላደልፊያ በሳተላይት ለዓለም ተላለፈ። በዚያ ዘመን በቴክኖሎጂ ከዚህ የበለጠ የለም፤ የዛሬው ላይቭ ሥርጭታችሁ አያት ነው።

እስቲ ያንን ጥያቄ ቆም ብለን እንስማው። ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ? ከኮረም ሁለት ሦስት ቀን በእግር ቢኬድ ላሊበላ ይደረሳል፤ ታኅሣሥ 29 የገና በዓል እንደዚያ የሚከበርበት ቦታ በዓለም ላይ ስንት አለ? ኢትዮጵያ ክርስትናን የተቀበለችው በአራተኛው ምእተ ዓመት ነው። ጥያቄውን የጠየቁት ሰዎች አባቶች ያን ጊዜ የት እንደነበሩ ልተወው። ዘፈኑ ስለ ዝናብና ስለ ወንዝም የለም እያለ ያወራል። ተከዜ እንዳለ ያለ ወንዝ ነው፤ አበርገሌን እየታከከ ይወርዳል፣ ከዘፈኑ 25 ዓመት ገደማ በኋላም 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ተሠርቶበታል፤ ዛሬ በኃይቁ ላይ የአካባቢው ወጣቶች ዓሣ ያጠምዳሉ። ሐሸንጌ ሐይቅም ከኮረም ብዙ አይርቅም።

ግን ፍትሐዊ እንሁን። ተከዜ በገደል ውስጥ ነው የሚሮጠው፤ ከላይ ያለው ማሳ ድምፁን እንጂ ውኃውን አያገኝም። ዝናቡም በእውነት ቀርቶ ነበር። የዘፈኑ ገንዘብም እህል ሆኖ፣ መኪና ሆኖ፣ መድኃኒት ሆኖ ደርሷል፤ በዚያ ምክንያት የተረፈ ሰው ዛሬ ልጆች አሉት፣ ምናልባት እናንተ ከእነርሱ ናችሁ። ዘፈኑን የሚሳደቡ ሰዎች ይህን ሲዘሉት ያናድደኛል። ሰው የሚናገረው ተሳስቶ የሚሠራው ሊረዳ ይችላል። ችግሩ ስሕተቱም ሥራ መሥራቱ ነው።

ምን ሠራ? መከራው የሰማይ ብቻ ነው ከተባለ የምድሩን ሰው የሚጠይቅ የለም። ደርግ በዚያው ዓመት የሰፈራ ዘመቻውን ጀመረ፤ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚሆን ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተጓጓዘ። ብዙው በፈቃዱ አልነበረም፤ ቤተሰብ ተበታትኗል፣ በወባና በድካም ያለቀውም ብዙ ነው። ይህን በግልጽ የተናገረው የፈረንሳዩ የሐኪሞች ድርጅት በ1978 ከአገር ተባረረ። በዓለም ላይ ገናን በሚጠይቀው ዘፈን ሲያለቅስ የነበረው ሕዝብ ስለዚህ የሰማው ጥቂት ነው። በረሀቡ የሞተው ሰው ቁጥር እስከ ዛሬ አንድ አይደለም፤ ከ400,000 እስከ 1,000,000 ይገመታል። በሁለቱ ግምት መካከል ያለው 600,000 ስም ነው።

ሌላም ሠራ። በውጭ አገር ያደጉ ኢትዮጵያውያን ይህን ይነግሯችኋል። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ80ዎቹ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ስለ ኢትዮጵያውያን ረሀብ ቀልድ ይቀለድ ነበር፤ አንድ ሕፃን ክፍል ውስጥ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ሌላ አገር ይጠራ ነበር። እዝነቱና ቀልዱ ከአንድ ቴሌቪዥን ነው የወጡት።

የዘፈኑ ታሪክ በዚያ አላበቃም። በላይቭ ኤይድ ቀን በታየው ፊልም ውስጥ ልትሞት የደረሰች አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረች። ተረፈች፤ የግብርና ትምህርት ተማረች፤ በሰኔ 1997 ዓ.ም. ለንደን ሃይድ ፓርክ በተደረገው ኮንሰርት መድረክ ላይ ቆመች። ያን ጊዜ 20 ዓመት አልፎ ነበር። ቢቢሲ ራሱ በ2002 የእርዳታው ገንዘብ ለጦር መሣሪያ ውሏል የሚል ዘገባ አቀረበ፤ በ2003 መጀመሪያ ደግሞ የባንድ ኤይድ ገንዘብ የተባለው እንደሆነ የሚያስመስል ነገር በመናገሩ ይቅርታ ጠየቀ። ዘገባውን የሰማና ይቅርታውን የሰማ ቁጥሩ እኩል ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? ዘፈኑ በ2007 ለ30ኛ ዓመቱ እንደገና ሲቀረጽ ጋናዊ ዝርያ ያለው ብሪታንያዊ ፊዩዝ ኦዲጂ አልዘፍንም አለ፤ አፍሪካን በረሀብ ብቻ የሚያይ ነው ብሎ። በ2017 ለ40ኛው ዓመት ሲዘጋጅ ኤድ ሺራን ፈቃዴን ቢጠይቁኝ ድምፄን አልሰጥም ነበር አለ። ለአርባ ዓመት ያህል ሰው ስለ ዘፈኑ ሐሳቡን ሰጥቷል። እንግሊዛዊ፣ ጋናዊ፣ አየርላንዳዊ። ከዋግ የተጠየቀ ሰው ግን አልሰማሁም።

አሁን ወደ እናንተ ዘመን ልምጣ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዋግ ኽምራ ሲገባ ስልክ ተቋረጠ፣ መብራት ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ሰዎች ሰቆጣ ዙሪያ ተጠለሉ። ትዝ ይላችኋል፤ በዚያ ሰዓት ኔትወርክ ያለው ሁሉ ኔትወርክ ስለሌለው ይናገር ነበር። አንዱ ከአዲስ አበባ፣ አንዱ ከዋሽንግተን፣ አንዱ ከመቀሌ ወጥቶ ከሄደበት ከተማ። ማን ማንን ገደለ፣ ማን ይገባዋል፣ ማን አይገባውም፤ ፎቶው የየት አገር መሆኑ ሳይጣራ ሺህ ጊዜ ሼር ተደረገ። ከተከዜ ማዶ ያለው ገበሬና ከተከዜ ወዲህ ያለው ገበሬ በአንድ ገበያ ፍየል ሲሸጡ የኖሩ ናቸው፤ ሁለቱም ያን ጊዜ ስልክ አልነበራቸውም። ከጦርነቱ ጥቂት ወራት በፊት የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቶ ነበር። አዋጁ ወንጀለኛውን ይቀጣ ይሆናል፤ ስለማያውቁት ሰው ቀለል አድርጎ ማውራትን ግን የሚከለክል አንቀጽ የለውም፣ ሊኖረውም አይችልም።

እንግዲህ ለወጣት ኅብረታችሁ አንድ ሥራ አለኝ። በ1977 የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ሃምሳን ያለፈ ነው። በየአጥቢያችሁ አለ፤ ከሰቆጣ፣ ከአበርገሌ፣ ከላስታ ወጥቶ ወለጋ ወይም ጋምቤላ ሰፍሮ የተመለሰ፣ ወይም እዚያው የቀረ። አባባ ወይም እማማ ብላችሁ ቅረቡ፤ ስልካችሁን አስፈቅዳችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ፤ ሳትቸኩሉ። የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ግን ስለ ረሀቡ አይሁን፤ ስለዚያ ዓመት ታኅሣሥ 29 ጠይቋቸው። የት እንደነበሩ፣ ከማን ጋር እንደነበሩ፣ ማለዳ ተነሥተው እርስ በርስ ምን እንደተባባሉ።