ጡሩምባና ከበሮ ለምን ያስለቅስሃል ላላችሁኝ

ባለፈው ሳምንት አንድ ቪዲዮ ሼር አድርጌ ነበር። ልጆች ሜዳ ላይ እየሮጡ ጡሩምባ የሚነፉበትን። አንዱ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ደህና ነዎት? ይሄ ደግሞ የምን ማርሽ ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። ሌሎቻችሁም ስቃችኋል። ይሳቅ፣ ግድ የለም። ግን ከሰላሳ ዓመት በላይ የተከታተልኩት ነገር ስለሆነ አንዴ ልንገራችሁ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

ድረም ኮር ይባላል። ነሐስ መሣሪያና ከበሮ ብቻ ነው፤ ክላርኔት የለም፣ ሳክስፎን የለም፣ ዋሽንት የለም። ባንዲራና የእንጨት ጠመንጃ ወደ ሰማይ እየወረወሩ የሚቀልቡ ልጆችም አሉበት። ሜዳው የአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ነው። ትርኢቱ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ለዚያች አሥራ ሁለት ደቂቃ ልጆቹ ክረምቱን ሙሉ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ ይዞራሉ፣ የትምህርት ቤት ጂም ወለል ላይ ይተኛሉ፣ ጠዋት ተነስተው ፀሐይ እስክትገባ ይለማመዳሉ። ደመወዝ የለም። እንዲያውም ከፋዮቹ እነሱ ናቸው። ዕድሜያቸው ደግሞ ከ21 ማለፍ የለበትም። ይቺን የዕድሜ ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አመጣጡ ከወታደር ቤት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች በማኅበራቸው ስም የከበሮና የጡሩምባ ቡድን አቋቋሙ፣ ይወዳደሩም ጀመር። ቀጥሎ ለልጆች ተደረገ። አንዱን ቤተ ክርስቲያን ያቋቁመዋል፣ ሌላውን የዘማቾች ማኅበር፣ ሌላውን ቦይ ስካውት። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ የሰፈር ልጅ መንገድ ላይ ከሚውል ከበሮ ይምታ። ኒው ጀርሲ ጋርፊልድ ውስጥ በ1934 በአንድ የካቶሊክ ደብር የተጀመረው ካዴትስ የዚህ ዘመን ልጅ ነው።

የያኔው ዳኝነት ያስቀኛል። ቡድኑ ከመቶ ይጀምራል። ዳኞቹ ወረቀት ይዘው ሜዳው ውስጥ በልጆቹ መሃል ይሄዳሉ፤ አንዱ እግር ከሳተ፣ አንዱ ከበሮ ከቀደመ፣ ጭረት! ለእያንዳንዱ ጭረት አንድ አሥረኛ ነጥብ ይቀነሳል። እኔ ራሴ ፈተና ሳርም እንደዚያው ነበርኩ፤ የድሮ ተማሪዎቼ ምስክር ናችሁ። እዚያ ግን ከ1983 ውድድር በኋላ ቀረ። ስህተት ፍለጋውን ትተው ልጆቹ የሠሩትን መመዘን ጀመሩ። እኔ ያንን ለመማር ከዚያ በላይ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

በ1971 አምስት ቡድኖች ተባበሩ። የዘማቾቹ ማኅበራት ሕጉንም፣ ገንዘቡንም፣ ዳኛውንም ይዘውባቸው ስለነበር «በራሳችን እንተዳደር» አሉ። ከዚያ ድረም ኮር ኢንተርናሽናል ተወለደ። የመጀመሪያው ሻምፒዮና በ1972 ዊስኮንሲን ውስጥ ዋይትዋተር በምትባል ትንሽ ከተማ ተደረገ፤ ያሸነፈው አናሃይም ኪንግስመን ነው። ዛሬ ያ ቡድን የለም።

እኔ የደረስኩት ዘግይቼ ነው። ዋሽንግተን እንደመጣሁ እንደ ብዙዎቻችን ፓርኪንግ እሠራ ነበር። የማታ ተረኛ የነበረ አንድ አዛውንት አሜሪካዊ፣ በልጅነቱ ከበሮ የመታ፣ የ1989ኙን ፍጻሜ በካሴት አዋሰኝ። ሳንታ ክላራ ቫንጋርድ «ፋንተም ኦፍ ዘ ኦፔራ»ን ሲጫወቱ። በዋዜማው ዓመት በዚያው ሙዚቃ ቀርበው ሁለተኛ ወጥተዋል። አልተዉትም፤ ያንኑ ይዘው ተመለሱና አሸነፉ። ካሴቱን ለመመለስ አንድ ወር ፈጀብኝ።

ለምን ያዘኝ? እኛ እኮ ለማርሽ ባዳ አይደለንም። ከአድዋ በኋላ የሩሲያ ንጉሥ ለምኒልክ የነሐስ መሣሪያ ላኩ፤ በ1924 ደግሞ ራስ ተፈሪ አርባዎቹን የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም አመጡ፣ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ ጥምቀት ላይ ከፖሊስ ማርሽ ባንድ ኋላ ሮጬ ጫማዬን የጣልኩ ሰው ነኝ። ያ ካሴት ውስጥ የሰማሁት ያንኑ ድምፅ ነው፤ ብቻ እዚህ ማርሹ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ክብ ይሆናል፣ ይሰነጠቃል፣ ይተላለፋል፤ ልጁ ወደ ኋላ እየሮጠ ይነፋል።

በነሐሴ 2000 ፍጻሜው እዚሁ ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ መጣ። ልጄን ይዤ ሄድኩ። አሥራ አራት ዓመቱ ነበር፣ በትምህርት ቤቱ ባንድ ትራምፔት ይነፋል። ያን ምሽት ካዴትስና ካቫሊየርስ እኩል 97.65 አምጥተው ሁለቱም ሻምፒዮን ሆኑ። ልጄ በመኪና ስንመለስ አንድ ቃል አልተናገረም። ቤት ስንደርስ «አባዬ፣ እኔም እገባለሁ» አለኝ።

ሳቅሁ።

ሲያድግ ግን አልረሳም። ኮሌጅ ገብቶ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ «ልሞክር» አለኝ። እኔ ደግሞ የታወቀውን የሐበሻ አባት ንግግር አደረግሁ። ክረምት የሥራ ጊዜ ነው። ገንዘብ ከፍለህ ጂም ወለል ላይ የምትተኛው ምን ሆነህ ነው? ለዚህ ነው እንዴ አሜሪካ የመጣነው? እሱም አልተከራከረም። በሚቀጥለው ዓመትም ጠየቀ፣ ያንኑ መለስኩ። ሦስተኛ አልጠየቀም።

በ2008 ፋንተም ሬጅመንት የሚባሉት የሮክፎርድ ኢሊኖይ ልጆች «ስፓርታከስ»ን አቀረቡ። መጨረሻው ላይ ልጆቹ አንድ በአንድ «ስፓርታከስ እኔ ነኝ» እያሉ ሲጮኹ ስታዲየሙ አብዶ ነበር። ያሸነፉት በ98.125 ለ98.100 ነው። እስቲ አስቡት፣ የአንድ ነጥብ አርባኛ! ሳሎን ቁጭ ብለን አብረን ስናየው እኔ እያጨበጨብኩ ዞር ስል ልጄ ዝም ብሏል። «ምነው?» አልኩት። «ምንም። በቃ፣ ሃያ ሁለት ሞላኝ» አለ። በሩ ተዘግቷል ማለቱ ነው። የዘጋሁት እኔ ነበርኩ፤ አጨብጫቢውም እኔው።

እስካሁን ያወራሁት ትዝታ ነው፤ አሁን ወደ አስተያየቴ ልግባ። የድሮ ደጋፊዎች «ድሮ ቀረ» ማለት ይወዳሉ። በ2000 የድሮዎቹ ቡግሎች ግዴታነት ቀረ፣ በ2004 ማይክራፎን ተፈቀደ፣ በ2009 ኤሌክትሮኒክስ ገባ። እኔ የመጀመሪያውን ደገፍኩ፤ ልጁ በትምህርት ቤቱ የለመደውን መሣሪያ ይዞ መምጣቱ ምን ክፋት አለው? ሦስተኛው ግን አሁንም አይዋጥልኝም። ሰማንያ ልጅ ሳንባው እስኪፈነዳ እየነፋ ከሥሩ የስፒከር ጉርምርምታ ሲገባ የማንን እንደሰማሁ አላውቅም። ግን በ1993 ስታር ኦቭ ኢንዲያና ያንን ጨለምተኛ «ሜዲያ»ቸውን ይዘው ሲመጡም ብዙ ሰው ተቆጥቶ ነበር። በአንድ አሥረኛ ነጥብ ተሸንፈው ከውድድሩ ወጡ፤ ከእነሱ የተወለደው «ብላስት» ብሮድዌይ ደረሰ። ስለዚህ የእኔንም ኩርፊያ ብዙ አትመኑት።

የእውነት የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የሰፈር ልጅ ከመንገድ እንዲነሳ የተጀመረው ነገር ዛሬ ለአንድ ክረምት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስከፍላል። ድሮ በየከተማው የነበሩት ቡድኖች ጠፍተው በትልቁ ምድብ የቀሩት ሃያ ገደማ ናቸው። የደብሩ ልጅ ከአጥሩ ውጭ ቀረ።

ሌላም አለ፣ ሳልናገረው ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። አሥር ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ካዴትስ በ2024 ተዘጋ፤ በዘጠና ዓመቱ። የዘጋው ተመልካች ማጣት አይደለም። ከዓመታት በፊት ተፈጸመ የተባለ የወሲብ ጥቃት ክስ ነው። ከዚያም በፊት በ2018 ለረጅም ጊዜ የመሩት ዳይሬክተር በብዙ ሴቶች ተከሰው ወርደዋል። ዜናውን ያነበብኩ ቀን የ2000ውን ፕሮግራም ከመሳቢያ አውጥቼ ብዙ ቆየሁ። ልጆቹ ያንን ምሽት የሠሩት እውነት ነው። የተጎዱትም እውነት ናቸው። አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። «ስማችን እንዳይጎድፍ» ተብሎ ዝም የሚባልበት ቤት ግን ዘጠና ዓመትም ቢቆም እንደሚፈርስ አይቻለሁ። እኛ ሐበሾችም ይቺን ዝምታ እናውቃታለን።

እና ምክሬ ሁለት ነው። ልጃችሁ ከልቡ የሆነ ነገር ሲጠይቃችሁ፣ ጡሩምባም ይሁን ምንም፣ «ለዚህ ነው የመጣነው?» ከማለታችሁ በፊት አንድ ሌሊት እደሩበት። ስትፈቅዱ ደግሞ ማን ጋ እንደሚያድር፣ ማን እንደሚጠብቀው ጠይቁ። ሳታፍሩ ጠይቁ።

ባለፈው ነሐሴ፣ በ2025፣ በ1940 የተቋቋመው ቦስተን ክሩሴደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። ሰማንያ አምስት ዓመት ጠብቀው! ውጤቱ እንደተነገረ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ነው። «አባዬ፣ አየህ?» አለኝ። አየሁ አልኩት። እስከ እኩለ ሌሊት ስለ ነጥብ ስንከራከር አመሸን። ስለ ድሮው ነገር እሱም አላነሳ፣ እኔም አላነሳሁ። እዚህ ጽፌዋለሁ፤ እሱም ያነበዋል።

እስቲ እናንተም ወላጆቻችሁ የከለከሏችሁን፣ ወይ እናንተ ልጃችሁን የከለከላችሁትን አንድ ነገር ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። እንደ ድሮው በቀይ እስክሪብቶ አላርምም።