የጉጉት ጎጆና የወፍ ቀለበት ታሪክ፤ ከጉለሌ አንጻር

ስለ ጉጉት በአገራችን የሚነገረው አብዛኛው ነገር በሌሊት ስለሚሰማው ድምፅዋ ነው። በቤት ጣራ ወይም በግቢ ዛፍ ላይ ሆና የጮኸች እንደ ሆነ ሞት ጠሪ ናት ተብላ በድንጋይ ትባረራለች፤ የተገኘችም እንደ ሆነ ትገደላለች። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11 ከማይበሉት አዕዋፍ መካከል ይቈጥራታል፤ ነገር ግን አትብሉ ማለትና ግደሉ ማለት አንድ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ጉጉት ከሟርት ወፍነት ወጥታ የራስዋ ታሪክ ያላት ፍጡር የሆነችበትን መንገድ ነው። መንገዱም የተከፈተው በሁለት ተራ ዕቃዎች፣ ይኸውም በእንጨት ሣጥንና በብረት ቀለበት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሣጥኑን ነገር ከእንግሊዝ አገር ብንጀምር ይሻላል። ቻርልስ ዋተርተን የተባሉት የተፈጥሮ ተመራማሪ ዎልተን ሆል በተባለው የዮርክሺር ርስታቸው በ1813 በፈረሰ የግንብ በር ላይ ለጉጉት የሚሆን ማደሪያ አሠሩ። ከዚያ ዓመት በፊት ግን በርስቱ ላይ ጉጉት መከራዋን ታይ ነበር፤ የቤቱ አስተዳዳሪ የነበሩት አሮጊት ድምፅዋ በሰው ቤት ኀዘን ያመጣል ብለው ይፈሩ ነበርና። እንግዲህ የዮርክሺርዋ አሮጊትና የጉለሌዋ አሮጊት ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ያምኑ ነበር ለማለት ይቻላል። ዋተርተን ለአሮጊትዋ ክርክር ብቻ አላቀረቡም፤ ቈጠሩ። ጉጉት ያልተፈጨላትን ጠጕርና አጥንት እንደ እንክብል አድርጋ በአፏ ትተፋዋለች። በማደሪያው ውስጥ በ16 ወር የተከማቸው እንክብል ከአንድ ቡሸል በላይ፣ በሊትር ከ36 በላይ ሆነ፤ በእያንዳንዱም ውስጥ ከ4 እስከ 7 የሚሆኑ የአይጥ አፅሞች ተገኙ። ጎተራ ላለው ገበሬ ከዚህ የበለጠ ስብከት የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ቀለበቱ ከሣጥኑ ጋር የተገናኘው በዴንማርክ ነው። ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን በቪቦርግ ከተማ የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። በ1890 ከዚንክ የተሠራ ቀለበት በወፍ እግር ላይ ሞከሩ፤ ነገር ግን ለወፊቱ ከበዳት። በ1899 ወደ ቀላሉ አሉሚኒየም ተመለሱና ስታርሊንግ የተባሉትን ወፎች ራሳቸው በሠሩት የጎጆ ሣጥን ውስጥ እየያዙ ለ165ቱ ቀለበት አደረጉላቸው። በያንዳንዱ ቀለበት ላይ ቍጥርና አድራሻ ተቀርጾበት ነበር። ከዚህ በኋላ አንዲት ወፍ ከሌላዋ ተለይታ ልትታወቅ ቻለች። በ1903 ዮሐንስ ቲነማን በምሥራቅ ፕሩሲያ ሮሲተን በተባለው ጣቢያ ይህንኑ ሥራ በሰፊው ጀመሩ። በ1911 በእንግሊዝ አገር ስታፎርድሺር ቀለበት የተደረገላት ጨረባ የምታህል አንዲት ትንሽ ወፍ፣ ስዋሎ የተባለችው፣ በታኅሣሥ 1912 በደቡብ አፍሪካ ናታል ውስጥ ተገኘች። ክረምት ሲመጣ በኩሬ ጭቃ ውስጥ ትተኛለች ይባልላት የነበረች ወፍ ናት።

ወደ አገራችን ስንመለስ የጉጉት ጥናት የጀመረው በጥይት መሆኑ አይካድም። ከ1839 እስከ 1843 በቴዎፍሎስ ለፌቭር መሪነት የመጡት ፈረንሳውያን ወፎችን እየገደሉ ቆዳቸውን ወደ ፓሪስ ላኩ። ከነዚሁ መካከል የነበረው ሐኪሙ ካርተን ዲሎን በአገራችን ሞቶ ቀረ፤ በገደል ላይ የምትፈለፍለው የደጋችን ትልቅ ጉጉት ግን በሳይንስ ስም እስከ ዛሬ በእርሱ ትጠራለች። ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ ነገሩ መልክ ለወጠ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ኤሚል አርባን ከሌስሊ ብራውን ጋር በሻላ ሐይቅ የሚራቡትን ፔሊካኖች አጠኑ፤ በ1971ም የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር አሳተሙ። ጆን አሽ ደግሞ ከ1969 እስከ 1977 በአዲስ አበባ በነበረው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ክፍል ሲሠሩ ወፎችን በመረብ እየያዙ ቀለበት ያደርጉ ነበር። የክፍሉ ዓላማ ተሻጋሪ ወፎች የሚያመላልሱትን መዥገርና በሽታ ማወቅ ስለ ነበረ ትኵረቱ ያረፈው ከሰሜን መጥተው በሚያልፉት ላይ ነበር። ይህ ያስገርማል ባይባልም ያሳስባል፤ እንግዳው በመዝገብ ሲጻፍ ነዋሪዋ ጉጉት በሟርቷ ቀረች።

ጉለሌን የመረጥሁበት ምክንያት በዛፎቹ ነው። እንጦጦና ግርጌው ጽድና ወይራ የሞላበት ነበር። ከተማው ሲቈረቈር ዛፉ ለቤትና ለማገዶ አለቀ፤ በ1890ዎቹ ዓመታት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቦታውን ወሰደ። ባሕር ዛፍ ከተማችንን ከማገዶ ረኀብ ያዳነ ስለ ሆነ ልንወቅሰው አይገባም። ለጉጉት ግን ቤት አይሆንም። በትውልድ አገሩ እንኳ ሽንቁር የሚያወጣው ከመቶ ዓመት በላይ ሲቈም ነው፤ በኛ ዘንድ ግን በጥቂት ዓመት ተቈርጦ ከጉቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣል። በዛፍ ሽንቁር የምትፈለፍለው የጫካ ጉጉት እንዲህ ባለ ደን ውስጥ ዛፍ ሞልቶ ሳለ ቤት ታጣለች። ፊቷ ነጭ የሆነችው ግን በሰው ጣራና በሕንጻ ሥር ትገባለች፤ በዚያም የሚቀበላት ድንጋይ ነው። በ2009 የተቋቋመው የጉለሌ የዕፀዋት ማእከል ከ700 ሄክታር በላይ በሆነ መሬት አገር በቀል ዛፎችን እንደ ገና ያስተክላል፤ ነገር ግን ዛሬ የተተከለ ጽድ ውስጡ ተቦርቡሮ ለጉጉት እስኪያድር ድረስ የልጅ ልጆቻችን ያረጃሉ። ሣጥኑ የሚያስፈልገው ለዚያ መካከለኛ ዘመን ነው።

ሥራው ረቂቅ አይደለም። ፊተ ነጯ ጉጉት ከመጀመሪያው ዕንቍላል ጀምራ ስለምትታቀፍ ጫጩቶቹ በአንድ ቀን አይፈለፈሉም፤ ትልቁ ላባ ሲያወጣ ትንሹ ገና ዐመድማ ጥጥ ይመስላል። አይጥ ያነሰ እንደ ሆነ ትንሹ ይሞታል፤ ስለዚህ በሣጥኑ ውስጥ የተረፉትን የቈጠረ ሰው የሜዳውን አይጥ ጭምር ቈጥሯል። እናቲቱ በምትታቀፍበት ጊዜ ጎጆዋን ጥላ እንዳትሄድ መጠንቀቅ ይገባል። ጫጩቶቹ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲሆናቸው እግራቸው ሙሉ ውፍረቱን ስለሚያገኝ በዚያን ጊዜ ይመዘናሉ፤ ክንፋቸው ይለካል፤ ቀለበቱም ይጠለቅላቸዋል። ወደ ሣጥኑ ሲመለሱ እንደ እባብ ይነፋሉ፤ ምናልባት የሟርቱ ወሬ ግማሹ ከዚህ የመጣ ይሆናል።

ከባዱ ነገር መዝገቡ ነው። ቀለበት ያለ አድራሻ ጌጥ ብቻ ነው፤ አድራሻም ያለ ጠባቂ ከንቱ ነው። የሮሲተን ጣቢያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ሲጠፋ ሥራው ያልተቋረጠው በራዶልፍጼል የተቀበሉት ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። በአዲስ አበባም መዝገቡ የሚቀመጠው ውሉ ሲያልቅ በሚሄድ እንግዳ ሻንጣ ሳይሆን በዩኒቨርሲቲው የሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል ቢሆን ይበጃል።

ሌላም ነገር አለ። የእንግሊዝ ቀለበቶች ለብዙ ዘመን ለንደን ለሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም አስታውቁ የሚል የላቲን ጽሕፈት ይዘው ሲበሩ ኖረዋል። በእንጦጦ ዳገት የሞተች ጉጉት አስቀድማ የምታገኘው ምናልባት ቅጠል የምትሸከም ሴት ወይም የበግ እረኛ ነው። ለነዚህ ሰዎች የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል መሆን አለበት፤ በጉጉት እግር ልክ በተሠራ ቀለበት ላይ ቍጥሩና «አ.አ. ዩኒ.» የሚለው ይገባል።